የመርከበኞች ወዳጅ ሳሙኤል ፕሊምሶል

ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ የሚቆይበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ከተማ ቆርቁሮ፣ አንዱ በጦር ሜዳ ድል አድርጎ፣ አንዱም መጽሐፍ ጽፎ ስሙን ለትውልድ ያስተላልፋል። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት እንግሊዛዊ ግን ስሙ ሲጠራ የሚኖረው በመርከብ ጎን ላይ በተሠመረ አንድ አጭር መስመር ነው።

ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሌላ የባሕር ወደብ የወረደ ሰው በትልልቆቹ የንግድ መርከቦች ጎን ላይ፣ ከወገባቸው አካባቢ፣ አንድ ክብ ምልክት ተሥሎ ሳያይ አልቀረም። ክቡን በመካከሉ አንድ አግድም መስመር ያቋርጠዋል፤ ከአጠገቡም እንደ መሰላል እርከን የተደረደሩ አጫጭር መስመሮች አሉ። ነገሩን ያላወቀ ሰው ባለቤቱ ለጌጥ ያስሣለው ሊመስለው ይችላል። ጌጥ ግን አይደለም። መርከቢቱ ጭነት በጫነች መጠን ወደ ውሃው እየጠለቀች ስትሄድ፣ ከዚህ በላይ መጫን ክልክል ነው ብሎ የሚያስቆም የሕግ ወሰን ነው። ይህ ወሰን እስኪሠመር ድረስ ብዙ መርከበኛ ሰጥሟል፤ ብዙ ሚስት ያለ ባል፣ ብዙ ሕፃን ያለ አባት ቀርቷል። ወሰኑ በሕግ እንዲጸና ከሁሉ ይልቅ የደከመው ሳሙኤል ፕሊምሶል ነው። በዚህ ታሪክ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ የአገራችንን ነገር ከምናነሣበት ስፍራ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልደቱና የወጣትነት ዘመኑ

ሳሙኤል ፕሊምሶል ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1824 ዓ.ም. ብሪስቶል በምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት የቀረጥ ሹም ነበረ። ቤተ ሰቡ ኑሮውን ወደ ሰሜን እንግሊዝ ስላዛወረ ልጁም ከወላጆቹ ጋራ ሄደ፤ በመጨረሻም ቢላዋና ሌላውን የብረት ሥራ በመሥራት ስመ ጥር በሆነችው በሼፊልድ ከተማ ተቀመጡ። ሳሙኤል ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ በጸሓፊነት ሥራ ገባ፤ ከዚያም በአንድ የቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ በትጋቱ እስከ ሥራ አስኪያጅነት ደረሰ። በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ የሼፊልድን ጉዳይ የሚያስፈጽም የክብር ጸሓፊ ሆኖ ሠርቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወጣቱ በተቀጣሪነት መኖርን አልወደደም። በ1853 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሄዶ በድንጋይ ከሰል ንግድ ለመክበር ሞከረ። ነገር ግን ንግዱ ከሠረና ያጠራቀመው ገንዘብ ካለቀ በኋላ፣ ትናንት ሰው ያዝዝ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ድኾች በሚያድሩበት የኪራይ ቤት አልጋ ተከራይቶ፣ በሳምንት 8 ሽልንግ በማትሞላ ገንዘብ ለመኖር ተገደደ። በዚያ ቤት ካገኛቸው ሠራተኞች ጋራ አብሮ በልቷል፣ አብሮም ተቸግሯል። አንዱ የሌላውን ልጅ ሲያስታምም፣ ሥራ ያገኘው ሥራ ላጣው ከእንጀራው ሲያካፍል አየ። ሀብታም ከሆነ በኋላ ለምን ለድኾች እንደሚቆረቆር ሲያስረዳ ዘወትር ምክንያት አድርጎ የሚያነሣው ይህን የመከራ ጊዜ ነበር።

ቀን አለፈለትና ንግዱ ቀናለት። የድንጋይ ከሰል ከባቡር ሲራገፍ እንዳይደቅና እንዳይባክን የሚያደርግ አሠራር አውጥቶ፣ ከሰሜን ወደ ሎንዶን ከሰል በባቡር እያስመጣ በመሸጥ ባለጸጋ ሆነ። በ1865 ዓ.ም. ከደርቢ ከተማ ለፓርላማ ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቢቀርም፣ በ1868 ዓ.ም. ተሳክቶለት የሕዝብ እንደራሴ ሆነ።

ለመስጠም የምትላክ መርከብ

ፕሊምሶል ለምን እንደ ተቆጣ ለመረዳት የዚያን ጊዜ የባሕር ንግድና ኢንሹራንስ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢንሹራንስ በመሠረቱ መልካም ነገር ነው። በአገራችን ዕድርተኞች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ ሐዘን የደረሰበትን ሰው ሸክም ለሁሉ እንደሚያካፍሉት ያለ ነው። በሎንዶን የባሕር ኢንሹራንስ ገበያ የተስፋፋው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኤድዋርድ ሎይድ በሚባል ሰው ቡና ቤት ውስጥ ነው። የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች በዚያ እየተሰበሰቡ፣ የአንዷን መርከብ አደጋ ብዙ ሰዎች በየድርሻቸው ይዋዋሉ ነበር። መርከቢቱ በደኅና ከገባች ተዋዋዮቹ የተከፈላቸው አረቦን ትርፋቸው ይሆናል፤ ከሰጠመች ግን እያንዳንዱ በፈረመው ልክ ይከፍላል።

ክፋቱ የሚመጣው ባለቤቱ ከመርከቢቱ መዳን ይልቅ ከመስጠሟ የሚጠቀም ሲሆን ነው። ለምሳሌ ያህል 5,000 ፓውንድ የምታወጣ አሮጌ መርከብ ያለችው ሰው፣ 8,000 ፓውንድ ናት ብሎ ቢያዋውል፣ በውሉ ላይ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ዋጋ ማታለል መኖሩ ካልተረጋገጠ በቀር የጸና ስለ ነበረ፣ መርከቢቱ ብትሰጥም የ3,000 ፓውንድ ትርፍ ያገኝባታል። ደኅና ብትገባ ደግሞ ከልክ በላይ የጫነችው ዕቃ ኪራይ ትርፉ ነው። በሁለቱም በኩል የሚከስረው መርከበኛው ብቻ ነው።

ታዲያ ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ስለምን ዝም ይላሉ? ፕሊምሶል ይህን ጠይቆ መልሱን አገኘ። አደጋው ለብዙ ሰዎች ስለ ተከፋፈለ የእያንዳንዱ ድርሻ ምናልባት 100 ፓውንድ ቢሆን ነው። ይህን ላለመክፈል ፍርድ ቤት መሄድ ለጠበቃና ለዳኝነት ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ከዚህም በላይ ካሳ አልከፍልም እያለ የሚከራከር ተብሎ ስሙ የወጣ ተዋዋይ ደንበኛ ይሸሸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የተጠረጠረውን ጥፋት አይቶ እንዳላየ እየሆነ ድርሻውን ይከፍል፣ የከፈለውንም በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑን ከፍ በማድረግ ከሌሎቹ ይሰበስብ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለበጎ ሥራ ነው፤ በዚህ ግን የድሩ ብዛት አንበሳውን አስመለጠው።

ሕጉም ቢሆን ከመርከበኛው ወገን አልነበረም። ለአንድ ጉዞ ብቻ በሚደረግ የኢንሹራንስ ውል መርከቢቱ ለባሕር ብቁ መሆኗ እንደ ግዴታ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል ግን እንዲህ ያለ ግዴታ ከውሉ ውስጥ እንደ ተነገረ ሆኖ እንደማይቆጠር የሎርዶች ምክር ቤት በ1853 ዓ.ም. ፈርዶ ነበር። በተከታዩም ዓመት አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ የመርከብ ባለቤት መርከቤ ለባሕር ብቁ ናት የሚል ግዴታ ለቀጠረው መርከበኛ እንዳልገባ ቆጠረለት። ለዕቃው ባለቤትና ለኢንሹራንሱ የታሰበው ጥበቃ መርከበኛው ዘንድ ሲደርስ ቀረ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። መርከበኛ አንድ ጊዜ ለጉዞ ከፈረመ በኋላ ወደ ወደብ ወርዶ መርከቢቱን ሲያያት፣ እንጨቷ የበሰበሰ፣ ጭነቷ ከልክ ያለፈ ሆና ቢያገኛትና አልሄድም ቢል ለሳምንታት ይታሰር ነበር። በየዳኛው ፊት ቀርበው፣ በባሕር ከምንሞት እስር ቤት ይሻለናል ብለው ወኅኒ የወረዱ መርከበኞች ብዙዎች ናቸው። በሬ ካራጁ ይውላል እንደሚባለው፣ የቀሩት ሞታቸውን እያወቁ ይሳፈሩ ነበር። እንዲህ ያሉትን መርከቦች ሕዝቡ የሬሳ ሣጥን መርከብ ብሎ ጠራቸው።

በ1866 ዓ.ም. ሎንዶን የምትባል የእንፋሎት መርከብ ወደ አውስትራሊያ ስትጓዝ በቢስኬ ባሕር ማዕበል ሰጠመች። ከ200 በላይ ሰዎች አልቀው የዳኑት 19 ብቻ ነበሩ። ከልክ በላይ ጭና ነበር መባሉ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው አስቆጣ።

ትግሉ በምክር ቤት

የጭነት ልክ ይወሰን የሚለውን አሳብ መጀመሪያ ያመጣው ፕሊምሶል አይደለም። የሎይድ የመርከቦች መዝገብ ተቋም በ1835 ዓ.ም. መርከብ ለእያንዳንዱ አንድ ጫማ የሆድ ጥልቀት 3 ኢንች ጎን ከውሃ በላይ ይቅርላት የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። በዚህ ደንብ የሆዷ ጥልቀት 20 ጫማ የሆነ መርከብ 5 ጫማ ከውሃ በላይ ታስቀራለች ማለት ነው። ነገር ግን ደንቡ በፈቃድ እንጂ በግዴታ አልነበረም። በኋላም ጄምስ ሆል የሚባል የሰሜን እንግሊዝ የመርከብ ባለቤት ሕግ እንዲወጣ ይወተውት ጀመር። የእርሱን ድካም ፕሊምሶል ሰምቶ ጉዳዩን በፓርላማ አነሣው። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ አሳቡን ደጋግሞ ቢያቀርብም የሚሰማው አላገኘም። በምክር ቤቱ ውስጥ የመርከብ ባለቤቶች የሆኑ እንደራሴዎች ነበሩና።

ምክር ቤቱ አልሰማ ቢለው ወደ ሕዝቡ ዞረ። በ1873 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለ መርከበኞች መከራ የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። በየወደቡ እየዞረ ያያቸውን የተሰበሩ ብሎኖች፣ በቀለም የተሸፈነ የበሰበሰ እንጨት፣ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትን የመርከበኛ ሚስቶች ሁሉ ጻፈ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ በየከተማው ስብሰባ ተደረገ፤ ገንዘብም ተዋጣ። በዚያው ዓመት በአበርዲን ለተሠራች አንዲት መርከብ ባለቤቶቿ የእርሱን ስም ሰጧት።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ስሕተት አልነበረበትም አይባልም። ፕሊምሶል የሰማውን ሁሉ አጣርቶ አልጻፈም። በዚህም ምክንያት ስማችን ጠፋ ያሉ የመርከብ ባለቤቶች ከሰሱት፤ ይቅርታ የጠየቀበት ነገር አለ፤ ለጠበቃም ብዙ ገንዘብ አወጣ። ይሁን እንጂ የመርከብ ባለቤቶችን ሁሉ በአንድነት አልኰነነም። ብዙዎቹ ቅኖች እንደ ሆኑ፣ ነገር ግን ጥቂቶቹ ከልክ በላይ እየጫኑ በርካሽ ሲያጓጉዙ ቅኖቹ በገበያ እንደሚሸነፉ አስረድቷል። ሕግ የሚያስፈልገው መልካሙን ሰው ከክፉው ጋራ ወደ ክፋት እንዳይወርድ ለመጠበቅ ጭምር ነው ማለቱ ነበር።

በ1873 ዓ.ም. በእርሱ አሳብ አቅራቢነት ነገሩን የሚመረምር የንጉሣዊ መንግሥት ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ኮሚሲዮኑ በ1874 ዓ.ም. ባቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት ግን የጭነት መስመር በሕግ እንዲወሰን አልደገፈም። ምክንያቱም የሚናቅ አልነበረም። መንግሥት ልኩን ከወሰነ ኃላፊነቱ ከባለቤቱ ወደ መንግሥት ይተላለፋል፤ መስመሩን ያከበረ ባለቤት መርከቡ በሌላ ጉድለት ብትሰጥም እንኳ ሕጉን ፈጽሜአለሁ ብሎ ያመልጣል የሚል ነበር። ፕሊምሶል ግን የማይጠየቅ ባለቤት ኃላፊነት አለበት ቢባል ለሰጠመው ሰው ምን ይረባዋል ባይ ነው። በዚያው ዓመት ያቀረበው የሕግ ረቂቅ በ3 ድምፅ ልዩነት ብቻ ወደቀ።

የጁላይ 22 ቀን ቁጣ

በ1875 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ መንግሥት ስለ ንግድ መርከቦች አንድ የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ ደካማ ቢሆንም ፕሊምሶል ከምንም ይሻላል ብሎ ይጠብቀው ነበር። ጁላይ 22 ቀን ግን ዲዝራኤሊ ጊዜ ስለማይበቃ ረቂቁ ለዚያ ዓመት መቅረቱን አስታወቀ። በምትኩ እንዲፈጸም የተመረጠው ስለ እርሻ መሬት ተከራዮች የወጣው ረቂቅ ነበረ።

የክረምቱ ማዕበል ሳይመጣ ሕግ ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ የነበረው ፕሊምሶል ይህን ሲሰማ ራሱን መግዛት አቃተው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መካከል እየወጣ፣ እየጮኸና እጁን ጨብጦ እየነቀነቀ መርከበኞችን ለሞት የሚልኩትን ባለቤቶች ወንጀለኞች ብሎ ሰደበ፤ ከምክር ቤቱም አባሎች አንዱን መርከቦችህ የት ገቡ ብሎ በስም እጠይቃለሁ አለ። አፈ ጉባኤው ቃሉን እንዲያነሣ ሲያዘው እምቢ ብሎ ወጣ። በምክር ቤቱ ሥርዓት ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ነገሩ ለአንድ ሳምንት እንዲቆይ ተደረገ፤ በሳምንቱም ቀርቦ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ፍሬ ነገሩ ግን ከቃሉ ፈቀቅ አላለም።

በዚያች ሳምንት ውስጥ አገሩ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። በየወደቡና በየፋብሪካው ከተማ ሕዝብ እየተሰበሰበ ለፕሊምሶል ድጋፉን ገለጠ። ብዙ ዓመት በትዕግሥት ሲለምን ያልሰሙት ሰዎች አንድ ቀን ትዕግሥቱን ቢያጣ ሰሙት። መንግሥትም የሕዝቡን ቁጣ አይቶ ጊዜያዊ ሕግ በጥድፊያ አቀረበ፤ ከዚያች ቀን 3 ሳምንት እንዳለፈ ሕጉ ጸድቆ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ከመርከቢቱ ሠራተኞች አንድ አራተኛው መርከቢቱ ለባሕር ብቁ አይደለችም ብለው ቢያመለክቱ መርማሪ እንዲያያት፣ አደገኛም ሆና ብትገኝ እንድትታገድ ተፈቀደ።

በ1876 ዓ.ም. ቋሚው ሕግ ወጣ። ሕጉ ለባሕር ብቁ ያልሆነችን መርከብ አውቆ መላክን ወንጀል አደረገው። በ1854 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የነፈገውንም መብት ለመርከበኛው ሰጠው፤ ባለቤቱ መርከቢቱን ብቁ ለማድረግ ተገቢውን ጥረት ሁሉ የማድረግ ግዴታ በእያንዳንዱ የመርከበኛ ቅጥር ውል ውስጥ እንዳለ እንዲቆጠር አዘዘ። የጭነቱም ምልክት በመርከብ ጎን ላይ እንዲደረግ አስገደደ።

ነገር ግን በዚህ ሕግ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረ። ምልክቱ ይደረግ አለ እንጂ የት ላይ እንደሚደረግ ለባለቤቱ ፈቃድ ተወው። አንድ ባለ መርከብ በሕጉ ለማላገጥ ምልክቱን በጭስ ማውጫው ላይ ቀባው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ ነው። ቀዳዳው የተደፈነው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የመስመሩ ስፍራ በመንግሥት በሚታወቅ ደንብ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1880 ዓ.ም. ፕሊምሶል በደርቢ በብዙ ድምፅ እንደ ገና ቢመረጥም፣ ሰር ዊልያም ሃርኮርት የሚባለው ሚኒስትር በኦክስፎርድ ስለ ተሸነፈ ወንበሩን ለእርሱ ለቀቀለት። ይህን ያደረገው ሚኒስትሩ ከመንግሥቱ ውስጥ ሆኖ ከእኔ ይልቅ መርከበኞችን ሊረዳ ይችላል ብሎ ነበር። ሆኖም ተስፋ እንዳደረገው አልሆነለትም። በ1882 ዓ.ም. በትግሉ ሁሉ አብራው የደከመችው ሚስቱ ኤላይዛ ሞተችበት። ከዚያም ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ።

ከፓርላማ ከወጣ በኋላም አላረፈም። የመርከበኞችና የእሳት አንዳጆች ማኅበር ሲመሠረት የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ከብት ጭነው አትላንቲክ ውቅያኖስን ስለሚያቋርጡ መርከቦች መጽሐፍ ጽፎ፣ በከብቶቹ ላይ የሚደርሰውን ሥቃይና በመርከበኞቹ ላይ የሚመጣውን አደጋ አጋለጠ። ጁን 3 ቀን 1898 ዓ.ም. በ74 ዓመቱ ፎክስቶን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ዐረፈ። በ1929 ዓ.ም. የመርከበኞች ማኅበር ሎንዶን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ሐውልት አቆመለት።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። በ1906 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ወደ እንግሊዝ ወደቦች የሚገቡ የውጭ አገር መርከቦችም የጭነት መስመሩን እንዲያከብሩ ታዘዘ። በዚያው ዓመት መርከበኞች በሥራ ላይ ለሚደርስባቸው ጉዳት ካሳ ከሚያገኙት ሠራተኞች ተቆጠሩ። በ1930 ዓ.ም. መንግሥታት በሎንዶን ተሰብስበው ስለ ጭነት መስመር ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በእርሱም ፈንታ በ1966 ዓ.ም. አዲስ ስምምነት ተደረገ። ዛሬ የምናየው ክብ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የሚያቋርጠው መስመር 450 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ከአጠገቡ ያሉት አጫጭር መስመሮች ለበጋ፣ ለክረምት፣ ለሞቃት ባሕርና ለወንዝ ውሃ የተለዩ ናቸው። መርከብ ጨው በሌለው ውሃ ይበልጥ ስለምትጠልቅ፣ በክረምትም ማዕበሉ ስለሚበረታ ልኩ እንደ ውሃውና እንደ ወራቱ ይለያያል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አገራችን በ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ አውጥታለች፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የራሷን የመርከብ ድርጅት አቋቁማለች። ዛሬ የባሕር በር ባይኖራትም ቡናዋ በባሕር ይሄዳል፤ ማዳበሪያውና መኪናው በባሕር ይመጣል። ዕቃውን በኢንሹራንስ የሚያስገባ ነጋዴ፣ ውሉን የሚጽፍ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ በውጭ አገር መርከብ የሚቀጠር ወጣት ሁሉ፣ ባያውቁትም የፕሊምሶል ሥራ ይነካቸዋል።

ከሕይወቱ የምንማረውም ይህን ነው። ኢንሹራንስ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ይመልሳል፤ የጠፋውን ሰው ግን አይመልስም። ስለዚህ አደጋ ከደረሰ በኋላ ማን ይከፍላል ብሎ ከመከራከር በፊት፣ አደጋው እንዳይደርስ ልኩን ወስኖ መገኘት ይቀድማል። የጥፋት ዕዳ ለብዙዎች በተከፋፈለበት ስፍራ ሁሉ የሚቆጣ ሰው አይገኝም፤ እያንዳንዱ የደረሰበት ኪሳራ ትንሽ ነውና። ሳሙኤል ፕሊምሶል መርከብ አልነበረውም፣ መርከበኛም አልነበረም፤ በነገሩም የሚያጣውም የሚያገኘውም ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ሌሎች ድርሻቸውን ከፍለው ዝም ያሉበትን ሞት እርሱ እንደ ራሱ ዕዳ ቆጠረው። መስመሩም በየመርከቡ ጎን ላይ ዛሬ ድረስ አለ።